የዕቅድ ውይይት፦ የታሰሩ ልጆችን የሚመለከተው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊዋ፦
ረቂቁ እስከ ዓርብ ካልገባ ለዚህ ሥራ የተያዘው ገንዘብ ወደ ጠቅላላ ሒሳብ ይመለሳል። በጉባኤ የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ ልጅ ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ በገባ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ጠበቃና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ከጎኑ እንዲገኙ ተረኛ ቡድን እናቋቁማለን። በእነዚያ ሰዓታት ፈርቶ የሰጠውን ቃል በኋላ ችሎት ላይ ማስተባበል ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችሁም አይታችኋል። ለተረኝነት የተመዘገባችሁት ስድስት ሰዎች የሚመቿችሁን ሌሊቶች አሳውቁኝ።

አንጋፋው ጠበቃ፦
በርእሱ አልስማማም። «ለታሰሩ ሕፃናት» ይላል። ጢም ያቀመቀመ የ17 ዓመት ልጅ ሕፃን ተብሎ ሲቀርብለት የትኛውም መርማሪ ከርእሱ በታች ያለውን አያነብም። በችሎት የለመድነው «ወጣት ጥፋተኞች» የሚለው ነው።

የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ፦
ገና ያልተፈረደበትን ልጅ ጥፋተኛ እያልን ልንሟገትለት ነው? በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 40 ጥፋቱ በሕግ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዛል። ያ ቃል ባለበት ወረቀት ላይ ስሜ እንዳይገባ።

አንጋፋው ጠበቃ፦
ስምምነቱን ለእኔ ማንበብ አያስፈልግም፤ ማኅበሩ ሲመሠረት አንቀጾቹን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ።

የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ፦
እንግዲያው ያስተማሩንን አይሻሩብን።

የሥነ ልቦና ባለሙያው፦
«ልጆች» ብንልስ? እኔ ያነጋገርኳቸው ራሳቸውን በሁለቱም ቃል አይጠሩም። ርእሱ ከተነካ አይቀር ተጎጂና ምስክር ሆነው የሚቀርቡትንም ይቀፍ፤ የደረሰባቸውን በየቢሮው ደጋግመው እንዲናገሩ መገደዳቸው ራሱን የቻለ ጉዳት ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦
በጀቱ የተሠራው ለሌሊት መጓጓዣና ለስልክ ነው። ተጎጂና ምስክር ከተጨመሩ አይበቃም። ለመሆኑ ከስድስቱ ተመዝጋቢዎች መልስ የሰጠ አለ?

አንጋፋው ጠበቃ፦
ትናንት በቁጣ ለጻፍኩት እህቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ጥፋተኛ» የሚለውን ትቻለሁ፤ «ሕፃን» የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። ክርክሩን ለመቋጨት የቃላት መመሪያ እናዘጋጅ፤ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና መርማሪዎች የትኛውን ቃል መቼ እንደሚጠቀሙ የሚያሳይ አጭር መጽሐፍ ይሁን። አርትዖቱን እኔ እወስዳለሁ።

የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ፦
ይቅርታውን ተቀብያለሁ። መመሪያውንም እደግፋለሁ፤ ልጆች በጠራናቸው ስም ልክ ይታያሉና።

ሒሳብ ሹሙ፦
ኅትመት ከተረኝነት ይልቅ ለሪፖርት ይቀላል፤ ደረሰኙ አንድ ነው።

ጸሐፊዋ፦
በአስተያየታችሁ መሠረት ረቂቁን አስተካክያለሁ። ርእሱ «በፍትሕ ሥርዓት ውስጥ ስላሉ ልጆች የቃላት መመሪያ» ሆኗል፤ ተረኛ ቡድኑ ወደ ሥራው ሁለተኛ ምዕራፍ ተላልፏል። ይህን ስጽፍ ደስ እንዳላለኝ ልደብቃችሁ አልፈልግም። የስምምነቱ አንቀጽ 37 ነፃነቱን የተነፈገ ልጅ የሕግ ድጋፍ በአፋጣኝ እንዲያገኝ፣ ከአዋቂዎችም እንዲለይ ይደነግጋል፤ ይህ ከሌሊት ጥሪ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። ከተመዘገባችሁት ስድስት ሰዎች ቢያንስ ሁለታችሁ እስከ ነገ ማታ ከጻፋችሁልኝ ቡድኑን ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ እመልሰዋለሁ።

አንጋፋው ጠበቃ፦
በገጽ 2 ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ታዳጊ» የሚል ቃል ገብቷል። እርሱንም መወሰን አለብን።