የፖላር ኤክስፕረስ መጨረሻ፦ ወላጆቹ ደወሉን ለምን አልሰሙም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ፖላር ኤክስፕረስ የተባለ ፊልም ከልጄ ጋር አየነው። አንድ ልጅ በገና ዋዜማ በባቡር ወደ ሰሜን ዋልታ ተጉዞ ከገና አባት ደወል በስጦታ ይቀበላል። መጨረሻ ላይ ልጁና እህቱ የደወሉን ድምፅ ይሰማሉ፣ እናትና አባት ግን ተሰብሯል ብለው ያልፉታል። ጉዞው ሕልም ነበር ማለት ነው? ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።

የሲኒማ ወዳጅ፦ ኧረ ሕልም አይደለም! ደወሉ በኪሱ ቀዳዳ ሾልኮ ጠፍቶበት ነበር እኮ። ጠዋት ከገና ዛፉ ሥር ከማስታወሻ ጋር አገኘው፣ ማስታወሻው ደግሞ ኪስህን አሰፋ ይላል። ቤተሰቡ ይህን ከየት ያውቃል?

ማሂ፦ እኔን የሚያስለቅሰኝ የወላጆቹ ሳይሆን የእህቱ ነገር ነው። በመጨረሻ ልጁ አድጎ ሲተርክ፣ ጓደኞቹ አንድ በአንድ መስማት እንዳቆሙ፣ እህቱ ሳራም አንድ ገና ላይ ድምፁ እንደጠፋባት ይናገራል። እሱ ግን አርጅቶም ይሰማዋል። ለተራኪው ድምፁን የሰጠው ተዋናዩ ቶም ሃንክስ ነው፣ የባቡሩ ተቆጣጣሪም የገና አባትም እሱ ነው፣ ግሩም ሥራ ነው የሠራው።

አቤል፦ ወላጆቹ ያልሰሙት ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን በገና አባት ስለማያምኑ ነው። ልጁ ራሱ ሰሜን ዋልታ ላይ ደወሉን አንስቶ ሲያንቀጠቅጠው ምንም አልሰማም ነበር፣ አምናለሁ ካለ በኋላ ነው የሰማው። ለልጅህ ያንን ቦታ መልሰህ አሳያት፣ ወዲያው ይገባታል።