ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት አሜሪካ፦ በቀጥታ ላመልክት ወይስ ማስተርሱን እዚህ?

ቀበሌ 14፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሳይኮሎጂ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ (ፔዳ) ተመርቄ እዚሁ ባሕር ዳር የትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ። ጂአርኢ (የአሜሪካው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ግዴታ ነው? ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው፤ ለመዘጋጀትም አልመቸኝም።

ሽማግሌው፦ ወንድሜ፣ ጂአርኢን ብዙዎቹ ትተውታል፤ የየዩኒቨርሲቲውን ገጽ እይ። ጭንቀትህ ሌላ ይሁን። ፒኤችዲ ላይ በአብዛኛው የሚመርጥህ አንድ ፕሮፌሰር ነው፤ እሱ በሚያጠናው ጉዳይ አንተ ምን ሠርተሃል? መቶዎች አመልክተው አሥር እንኳ የማይገቡበት ቦታ አለ። ብዙው ማመልከቻ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ስለሚዘጋ በመስከረም ኢሜይል ጻፍ፤ ዘንድሮ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ጠይቀው። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለውን ድርሰት ደግሞ እባክህ ተወው፣ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው።

የጊዮን ልጅ፦ ፒኤችዲን (ምርምር ላይ የሚያተኩረውን) እና ሳይዲን (PsyD፣ ሕክምና ሥራው ላይ የሚያተኩረውን ዶክትሬት) እንዳታምታታ! ፒኤችዲው ብዙ ጊዜ ክፍያውን ሸፍኖ አበል ይሰጣል፤ ሳይዲው በአብዛኛው ከኪስ ነው። እኔ ብሆን ጋትን (የአገራችንን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) አልፌ ጎንደር ክሊኒካል ማስተርስ እገባ ነበር። ቴሲስህ (የመመረቂያ ጥናትህ) የምርምር ልምድ ይሆንልሃል፣ አማካሪህም የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍልሃል።

ቀበሌ 14፦ እግዜር ይስጥልኝ። የጋት ምዝገባ ሲወጣ ያየ እዚህ ይለጥፍልኝ።