ልጆች ከተኙ በኋላ ባለችው ግማሽ ሰዓት ሹራብና ስፌት፦ እንዴት ይጨረሳል? ለሌላውስ እንዴት ይካፈላል?

ማታ_ማታ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትንሹ ዓመት ሞልቶታል፣ ትልቋ አራት ዓመቷ ነው። ለእጅ ሥራ የማገኘው ጊዜ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት፤ እሷም በየመሀሉ ትቋረጣለች። በሁለት መርፌ ሹራብ መሥራት እችላለሁ። የስፌት መኪናዬ ቀጥታና ዚግዛግ ይሰፋል፤ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ዳር እንዳይተረተር የሚዘመዝም መኪና) የለኝም።

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ለትንሹ ኮፍያ፣ ለትልቋ ሱሪ ለመሥራት አስቤአለሁ፤ ቁጥሩንና ልኩን በዝርዝር የሚነግረኝ አለ? ሥራው ሲቋረጥ የት እንደቆምኩ እንዳይጠፋኝ ምን ይደረጋል? ደግሞ የሠራሁትን ሳካፍል «በስንት ቁጥር መርፌ? ስንት ክር ፈጀ?» ሲሉኝ መልስ የለኝም፤ እየሠራሁ ምን ምን ልመዝግብ? አስቀድሜ እጃችሁ ይባረክ።

ሱፍና_ጥጥ

እህቴ፣ ሥራ ተጀምሮ የሚቀረው በጊዜ ማነስ ብቻ አይደለም። ሹራቡን አንስተሽ «ስንተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ?» እያልሽ ስትቆጥሪ ግማሿ ሰዓት ታልቃለች። ስለዚህ ቁጥሩ በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ የሚሰፍር ሥራ ምረጪ፤ ወረቀቱም ከሹራቡ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ይደር። ለሌላ ሰው የምታካፍዪውም ያንኑ ወረቀት ነው፤ ሁለት ጊዜ አትጽፊም።

የኮፍያው ቁጥር ይኸውልሽ። የዓመት ልጅ ጭንቅላት ዙሪያው 46 ሴ.ሜ ገደማ ነው። ሹራብ ስለሚሳብ ኮፍያው ከዚያ ማነስ አለበት፤ 40 ሴ.ሜ ይበቃል። 50 ግራሙ 120 ሜትር ያህል የሚሆን መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር አንድ ጥቅል፣ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ ለመጀመሪያው ጠርዝ ብቻ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ያዢ።

ናሙና ሳትሠሪ አትጀምሪ። 34 ቀለበት (መርፌው ላይ የምትያዝ አንዷ የክር ዙር) አንስተሽ 15 ሴ.ሜ ያህል ሥሪ፣ እጠቢው፣ ሳትሰቅዪ አንጥፈሽ አድርቂው፣ ከዚያ ከዳሩ ራቅ ብለሽ መሀሉ ላይ 10 ሴ.ሜ ለክተሽ ቁጠሪ። 22 ቀለበትና 30 ረድፍ ከወጣ የኔ ቁጥር እንዳለ ይሠራልሻል። 24 ከወጣ እጅሽ ጠበቅ ያለ ነው፤ በዚያው ብትቀጥዪ 40 ሴ.ሜ ያልነው ኮፍያ ወደ 37 ይወርድና ልጁ ግንባር ላይ መስመር ያወጣል። መርፌውን ወደ 4.5 አሳድጊ። 20 ከወጣ ወደ 3.5 ውረጂ። ይህችን ናሙና መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ኮፍያ ሙሉውን ከመፍታት ግን በብዙ ታንሳለች።

አሠራሩ፦ በ5 ሚሊ ሜትሩ መርፌ 90 ቀለበት አንሺና ወደ 4 ሚሊ ሜትሩ ተሻገሪ። ጠርዙ ጠብቆ ጭንቅላት አላስገባ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በቀጭን መርፌ ስለተነሳ ነው። ሁለት ፊት፣ ሁለት ጀርባ (ሁለት ቀለበት በፊት አሠራር፣ ሁለት በጀርባ አሠራር) እያልሽ 3 ሴ.ሜ ሥሪ፤ በውጭ በኩል ያለው ረድፍ በሁለት ፊት ተጀምሮ በሁለት ፊት ያልቃል። ከዚያ በውጭ በኩል ሙሉውን ፊት፣ በውስጥ በኩል ሙሉውን ጀርባ እየሠራሽ ከታች ጀምሮ 10.5 ሴ.ሜ እስኪሆን ሂጂ።

አሁን መቀነስ ነው፤ የምትቀንሺው በውጭ በኩል ባለው ረድፍ ብቻ ነው፣ የውስጡን ሳትቀንሺ ትመለሻለሽ። መጀመሪያ ቀለበት አንድ፣ ከዚያ «9 ፊት፣ ሁለቱን አንድ ላይ» 8 ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ አንድ። መርፌው ላይ 82 ይቀራል። ቀጥሎ በ9 ፈንታ 8፣ ከዚያ 7 እያልሽ ትወርጃለሽ፤ የሚቀረው 74፣ 66፣ 58፣ 50፣ 42፣ 34፣ 26፣ 18፣ በመጨረሻም 10 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ ቁልቁል ጻፊያቸውና እያንዳንዱ ሲያልቅ ሰርዢ። ልጅ አልቅሶ ብትነሺ ስትመለሺ የመርፌውን ቀለበት ቆጥረሽ ከወረቀቱ ጋር ታመሳክሪያለሽ፤ ሌላ ማስታወስ አያስፈልግም።

ክሩን 50 ሴ.ሜ ያህል አስተርፈሽ ቁረጪ፣ በስፌት መርፌ በ10ሩ ቀለበቶች ውስጥ አሳልፈሽ አጥብቀሽ ሳቢው፣ በዚያው ክር ጎኑን ስፊ። ስትሰፊ ከየዳሩ አንድ አንድ ቀለበት ወደ ውስጥ ይግባ፤ ያኔ የጠርዙ ሁለት ፊት ሁለት ጀርባ ሳይሰበር ይገጥማል። 90 የሆነውም ለዚህ ነው፤ 88ቱ የኮፍያው፣ 2ቱ የስፌቱ።

ስለ ማቋረጥ ሁለት ነገር። በተቻለ መጠን ረድፍ ጨርሰሽ አቁሚ። መሀል ላይ ካቆምሽ ደግሞ ክሩ የተንጠለጠለበት መርፌ ቀኝ እጅሽ ላይ መሆን አለበት፤ ገልብጠሽ ከያዝሽው ወደ ኋላ ትሠሪና መሀሉ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል። ሁለተኛ፣ መቀነስ ከመጀመርሽ በፊት ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን ክር በ90ው ቀለበት ሁሉ አሳልፊበት። ልጁ መርፌውን መዝዞ ቢያወጣው ሹራቡ ከዚያ ክር በታች አይፈታም።

ከአገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ አታድርጊለት። ለትንንሽ ልጆች ልብስ አንገትና ከልብሱ ጋር የተሰፋ ኮፍያ ላይ ገመድ ያነቃል ተብሎ በአውሮፓ የደኅንነት ደረጃ ጭምር የተከለከለ ነው። የተሰፋ ቁልፍና የክር ኳስም ቢሆን ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባይኖር ይሻላል፤ ከተነቀለ ወደ አፍ ነው የሚሄደው።

መቀስና_ጠመኔ

ሱሪውን እኔ ልመልስ። ኦቨርሎክ ባይኖርዎትም አያሳስብም፣ ዚግዛጉ ይበቃል። ለመጀመሪያው የማይሳብ የጥጥ ጨርቅ ይውሰዱ። ስፋቱ 140 ሴ.ሜ ከሆነና የሱሪው ርዝመት 60 ሴ.ሜ ከሆነ 75 ሴ.ሜ ጨርቅ ይበቃል፤ 4 ለወገቡ፣ 4 ለታቹ፣ ቀሪው ለመሰብሰብ ነው። ጨርቁን ሳይቆርጡ አጥበው ይተኩሱት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ 3 እስከ 5 ሊሰበሰብ ይችላል፤ በ60 ሴ.ሜ ላይ 3 ሴ.ሜ ማለት ሱሪው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል ማለት ነው።

ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበት የልክ ወረቀት) መግዛት አያስፈልግም፤ ልኳ የሆነ ሱሪ ካላት ከእሱ ይገለብጣሉ። አንዱን እግር ሌላው ውስጥ ከተው ወረቀት ላይ ያንጥፉ፣ የወገቡን ላስቲክ እስከ መጨረሻው ስበው በስፒል ያስይዙ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩ። የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ይገልብጡ። የኋላው ወገብ ከፊቱ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ ከፍ ይላል፣ የብሽሽቱ ኩርባም ይረዝማል። ብዙ ሰው ይህን ትቶ ሁለቱን እኩል ይቆርጣል፤ ከዚያ ልጅቷ ቁጭ ስትል ወገቡ ከኋላ ይወርዳል። በየስፌቱ 1 ሴ.ሜ ይጨምሩ፣ ወገቡና ታቹ ላይ 4 ሴ.ሜ።

በግማሽ ሰዓት ሲከፈል እንዲህ ይሆናል። አንድ ማታ መገልበጥና መቁረጥ ብቻ፤ የተቆረጠውን ፊትና ኋላ እንዳይምታታ በጠመኔ ምልክት አድርገው በአንድ ላይ ያሽጉት። በሚቀጥለው የውጭ ጎንና የውስጥ ጎን ስፌት፣ ከዚያም የየዳሩ ዚግዛግ። ሦስተኛው ብሽሽት ነው፦ አንዱን እግር ወደ ፊቱ ገልብጠው ሌላው ውስጥ ያስገቡ፣ ፊትና ፊታቸው ይገናኛል፣ የውስጥ ስፌቶቹን በመጀመሪያ አገጣጥመው በስፒል ይያዙ። የስፌቱን ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር አድርገው ይስፉ፣ ከዚያ በትርፉ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ራቅ ብለው አንድ ጊዜ ይድገሙ። የልጅ ሱሪ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚህ ነው።

ወገቡን 1 ሴ.ሜ፣ ቀጥሎ 3 ሴ.ሜ አጥፈው ይተኩሱና የታችኛውን ጠርዝ ተጠግተው ይስፉ፤ ከኋላ በኩል 5 ሴ.ሜ ክፍት ይተዉ። ላስቲኩ 2.5 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ይሁን። ወገቧ 52 ከሆነ 3 ቀንሰው 2 ለመደራረቢያ ይጨምሩ፣ 51 ይቁረጡ። በመርፌ ቁልፍ ያስገቡት፣ ጫፍና ጫፉን 2 ሴ.ሜ ደርበው በዚግዛግ ይስፉ፣ ክፍቱን ይዝጉ። ከመዝጋትዎ በፊት ግን ያስለኳት። ታቹን 1 ሴ.ሜ ከዚያም 3 ሴ.ሜ አጥፈው ይዘምዝሙ፤ ስታድግ ይፈታል።

የስፒሎቹን ቁጥር ከመጀመርዎ በፊት ይወቁና ሲጨርሱ ይቁጠሩ። ልጅ የሚሳብበት ወለል ላይ አንድ ስፒል መቅረት የለበትም።

ማታ_ማታ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም እጃችሁ ይባረክ። ሁለት ነገር ልጨምር። ከዚህ በፊት በሠራሁት ቀሚስ ላይ ላስቲኩ ወገቡ ውስጥ እየተጠማዘዘ አስቸገረኝ። መኪናዬ ደግሞ ስፌት ስጀምር ከሥር ክሩን ይከምረዋል፤ ቦቢኑን (የታቹ ክር የሚጠቀለልበትን) ደጋግሜ ባስተካክልም አልተወም።

መቀስና_ጠመኔ

የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ከቤቱ ስለሚጠብ ነው። ለ2.5 ላስቲክ ቤቱ 3 ሴ.ሜ እንጂ 4 አይሁን። ከዘጉት በኋላ ወገቡን ሳብ ሳብ አድርገው ያከፋፍሉና በሁለቱ ጎንና በኋላው ስፌት ላይ ከላይ ወደ ታች በላስቲኩ ጭምር ይስፉበት፤ ከዚያ አይንቀሳቀስም። የኋላውን በሌላ ቀለም ክር ቢሰፉት ልጅቷ ራሷ ፊትና ኋላውን ትለያለች።

ከሥር የሚከመረው ክር ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቦቢኑ ሳይሆን የላዩ ክር ነው። የስፌት እግሩ ወርዶ እያለ ክር ካስገቡ የክር ማጥበቂያው ዝግ ስለሆነ ክሩ መሀሉ አይገባም፣ ልቅ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። እግሩን ከፍ አድርገው ክሩን ከመጀመሪያው እንደገና ያስገቡ። ሲጀምሩም የላዩንና የታቹን ክር ጫፍ 10 ሴ.ሜ ያህል አውጥተው ወደ ኋላ በጣት ይያዟቸው። በዚህም ካልተወ መርፌውን ይቀይሩ፤ ለዚህ ጨርቅ 80 ቁጥር ይስማማዋል።

አንድ_ጥቅል

በኮፍያው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የክሩ ዓይነት ቁጥሩን ይለውጠዋል። የጥጥ ክር እንደ ሱፍ ተስቦ አይመለስም፤ ጠርዙ በጥቂት ቀን ይላላል። በጥጥ ከሆነ ጠርዙን በ3.5 መርፌ ሥሪው። ሱፍ ከሆነ ደግሞ «በመኪና ይታጠባል» የሚል ካልተጻፈበት በሞቀ ውኃ አትሺው፤ ሙቀት፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ሱፉ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጠነክራል፣ ወደ ልኩም አይመለስም። አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ላይ ካውያ አታሳርፊ፣ ይቀልጣል። ለሰው የምትሰጪ ከሆነ እነዚህን በአጭሩ ጽፈሽ ከስጦታው ጋር አያይዢ፤ ተቀባዩ ምን ክር እንደሆነ በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ወረቀትና_ሚዛን

ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። ከሥራው ጋር የሚያድረው ወረቀት ላይ ከላይ በኩል እነዚህ ይኑሩበት፦ ክሩ ምን እንደሆነ፣ በ50 ግራም ስንት ሜትር እንዳለው፣ የመርፌው ቁጥር፣ ከታጠበ በኋላ በ10 ሴ.ሜ ስንት ቀለበትና ስንት ረድፍ እንደወጣ፣ የተለካው ጭንቅላት ወይም ወገብ። የክሩን መጠቅለያ ወረቀት እንዳትጥዪው፣ እዚያው ስፒል አድርጊው፤ ክር ቢያንስሽ ተመሳሳዩን የቀለም ቁጥር የምታገኚው ከእሱ ነው።

ስንት ክር እንደፈጀ ለማወቅ የወጥ ቤት ሚዛን በቂ ነው። ጥቅሉን ስትጀምሪ መዝኚ፣ ስትጨርሺ የተረፈውን መዝኚ። 50 ተነስቶ 12 ከተረፈ 38 ግራም ፈጅቷል፤ 38 ለ50 ተካፍሎ በ120 ሲባዛ 91 ሜትር ይመጣል። ሜትሩን ጻፊላቸው፤ ግራም ብቻ ከሆነ በሌላ ክር ለሚሠራ ሰው አይረዳውም።

ፎቶውን ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ ላይ አንሺው፤ ማታ በአምፖል የተነሳ ቀለም ቢጫ እየመሰለ ሰው ያሳስታል። ልብሱን አንጥፈሽ ሜትር አጠገቡ አድርጊ። አንድ ሙሉውን፣ አንድ ከቅርብ የተቀነሰበትን ቦታ፣ አንድ ደግሞ ገልብጠሽ የውስጡን አንሺ። የሚያውቅ ሰው የሚያየው የውስጡን ነው። ልጁ ለብሶት ከሆነ ፊቱና የትምህርት ቤት ምልክቱ ባይታይ ይመረጣል። ዲዛይኑ የተገዛ ከሆነ ገጾቹን ፎቶ አንስተሽ አትበትኚ፤ ስሙንና የማን እንደሆነ ጥቀሺ፣ አንቺ የለወጥሽውን ግን በዝርዝር ጻፊ።

ለሌላ ዕድሜ ስንት ላንሳ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ስሌቱን አብረሽ ስጫቸው። ከጭንቅላቱ ዙሪያ አንድ አሥረኛውን ቀንሰሽ በ2.2 አባዢ፣ ለ8 እኩል ወደሚካፈል ቅርብ ቁጥር አጠጊ፣ 2 ጨምሪ። 48 ሴ.ሜ ለሆነ የሁለት ዓመት ልጅ 43.2 ሲባዛ 95፣ ተጠግቶ 96፣ ከ2 ጋር 98 ይሆናል። 96 ለ8 ሲካፈል 12 ስለሆነ መቀነሱ በ«10 ፊት፣ ሁለቱን አንድ ላይ» ይጀምራል፤ መቀነስ የሚጀመረውም ከታች 11 ሴ.ሜ ሲሆን ነው። 35 ሴ.ሜ ለሆነ አራስ 72 እና 2፣ ማለትም 74 ይነሳል፤ በ«7 ፊት» ይጀመራል፣ ከ8 ሴ.ሜ በኋላ። ይህ የሚሠራው 22 ቀለበት ለወጣለት ሰው ነው፤ ሌላ ቁጥር የወጣለት የራሱን ለ10 አካፍሎ በ2.2 ፈንታ ያስገባዋል።