ለክፉ ቀን እያስቀመጡ እንግዳ መቀበል

አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በታኅሣሥ 2017 የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አልጋችንን ካወዛወዘው ወዲህ በሶ፣ ቆሎ፣ ባትሪ፣ ውኃ በጀሪካን አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ «ሳሎኑ መጋዘን ሆነ፣ እንግዳ የት ይቀመጥ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ጎረቤት ቡና ከጠራን ቆየን። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጀሪካኑን አልጋ ስር አስገቢው፤ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር መቼም ትርፍ አይባልም። በሶውን ጾም ሲገባ ብሉት፣ ከፋሲካ በኋላ አዲስ አስፈጪ።

መልስ፦ ያን ሌሊት አያቴን አዝሎ በደረጃ ያወረዳት የጎረቤት ልጅ ነው። ቡና ስለምንጠራራ እንደማትራመድ ያውቃል። ቡናውን አታስቀሪ! የእሳት አደጋውን 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንሱን 907 ደግሞ በሩ ላይ ለጥፊ።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ። ከታች ያሉትን እትዬን ለቅዳሜ ጠርቻለሁ፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።