ቻቬዝ ወይስ ሳንቼዝ? የሜክሲኮ ቦክስ ክርክር

የመገናኛው፦
ሰላም ቤተሰብ። ከጓደኛዬ ጋር ስንጨቃጨቅ አምሽተን አልተግባባንም፤ እናንተ ፍረዱን። ከ1980 ወዲህ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ከሜክሲኮ ከወጡ ቦክሰኞች ትልቁ ማነው? ሁለት ሕግ አለኝ። አንደኛ፣ እዚያው ሜክሲኮ የተወለደ ይሁን። ስለዚህ ዴ ላ ሆያን እንዳታመጡብኝ፣ እሱ የሎስ አንጀለስ ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ ስም ወርውሮ መሄድ የለም፣ ምክንያት ይቀመጥ። እኔ ጁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ ብያለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ካኔሎ አልቫሬዝ ነው ይላል።

ኩሊያካን፦
ይሄም ጥያቄ ሆኖ? ቻቬዝ ነዋ! 107 ድል፣ 6 ሽንፈት፣ 2 አቻ። በሦስት ክብደት የዓለም ሻምፒዮን። ፕሮፌሽናል ሆኖ ወደ 14 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ1994 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸነፈው። በ1993 አዝቴካ ስታዲየም ሲጋጠም ከ130 ሺህ ሰው በላይ ገብቶለታል። ለቦክስ! የዚያን ቀን ተጋጣሚው ግሬግ ሃውገን "ሪከርዱ የተሠራው በቲዋና ታክሲ ሹፌሮች ነው" ብሎ ሲያሾፍበት ከርሞ ነበር። በአምስተኛው ዙር አለቀለት። ከዚያ በኋላ ሹፌሮቹ ጠንካሮች ነበሩ ማለት ነው ብሎ አመነ።

ማር እሸት፦
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። 107፣ 107፣ 107! ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ተጋጣሚዎቹ የስንቱን ስም ታውቃለህ? ሃውገን አፉ ቢያመጣበትም ጨርሶ አልዋሸም። ለኔ ትልቁ ሳልቫዶር ሳንቼዝ ነው። 44 ድል፣ አንድ ሽንፈት፣ አንድ አቻ። ያቺንም ሽንፈት ገና በ18 ዓመቱ፣ በዳኞች ልዩነት ነው የቀመሳት።

ኩሊያካን፦
እህቴ፣ ስማቸውን የምናውቃቸውን እንቁጠር እንጂ። ኤድዊን ሮዛሪዮ፣ 1987። ከፖርቶ ሪኮ የወጣ፣ አንድ ቡጢው ሰው የሚጥል። ቻቬዝ ለሱ ብሎ ክብደት ጨምሮ ሄደ። 11 ዙር ሙሉ ፊቱን አበላሽቶት በዝረራ ጨረሰው። ሮጀር ሜይዌዘርን ሁለቴ። ካማቾን በ1992። ሜልድሪክ ቴይለርን...

ማር እሸት፦
አመጣኸው! ሁለት ሰከንድ ሲቀር ዳኛ የሰጠውን ድል።

ጋሽ ቪዲዮ፦
ልጆች፣ እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ያንን ፍልሚያ በካሴት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም፣ ሚስቴ ታውቃለች። መጋቢት 17 ቀን 1990፣ ላስ ቬጋስ። ሁለቱም ያልተሸነፉ። ቴይለር የ1984 ኦሎምፒክ ወርቅ ያለው የፊላደልፊያ ልጅ ነው፣ እጁ ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም። ከ11 ዙር በኋላ ነጥብ ከሚይዙት ዳኞች አንዱ በ5 ነጥብ፣ ሌላው በ7 ነጥብ ለቴይለር ሰጥተውታል። 12ኛውን ዙር ቆሞ ቢጨርስ ኖሮ ድሉ የሱ ነበር። ግን ፊቱን አይታችሁታል? ሲያሸንፍ ያመሸው ሰው ነው የተሸነፈ የሚመስለው። ዓይኑ ስር አጥንቱ ተሰብሯል፣ ደም ሲውጥ ነው ያመሸው። ቻቬዝ አንድ ሲሰጥ ሦስት ይቀበላል፣ ግን የሱ አንዷ ገብታ ትቀራለች። በመጨረሻው ዙር በቀኝ እጁ ጣለው። ቴይለር ተነሳ። የመድረኩ ዳኛ ሪቻርድ ስቲል ደህና ነህ ወይ ብሎ ሁለቴ ጠየቀው። ልጁ መልስ አልሰጠም፣ ወደ ጥጉ ዞሮ አሰልጣኙን ያያል። ስቲል አቆመው። ሁለት ሰከንድ ቀርቶት ነበር።

ማር እሸት፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ለኔ መሰከሩልኝ። ጥጉ ላይ እኮ የመጨረሻ አሥር ሰከንድ መሆኑን የምትነግር ቀይ መብራት በርታለች። ሁለት ሰከንድ ውስጥ ቻቬዝ ከዚያ ጥግ ተነስቶ መድረስስ ይችል ነበር?

ጋሽ ቪዲዮ፦
አይደርስም። ግን ዳኛ የሚያየው መብራት ሳይሆን ሰውየውን ነው። ስቲልም ሰዓቱን አላይም ነው ያለው። እኔ እንኳ ወጣት ሆኜ "ተዘረፈ" እያልኩ ስጮህ ነበር። አሁን ሳየው ግን እጄን አፌ ላይ ነው የምጭነው። ቴይለር ከዚያች ማታ በኋላ የድሮው ቴይለር አልሆነም። ነጥቡን እሱ ወሰደ፣ እሱን ግን ቻቬዝ ወሰደው።

የካሊፎርኒያው፦
ከኔ ጋር ኩሽና የሚሠሩት ግማሾቹ ቻቬዝ ያደገበት የሲናሎአ ክፍለ ሀገር ልጆች ናቸው። ስለ ቻቬዝ አይከራከሩም፣ ለነሱ የተዘጋ ፋይል ነው። የሚከራከሩት ስለ ሁለተኛው ነው። የቴይለርን ነገር ሳነሳባቸው ይስቃሉ። "ፍልሚያው 12 ዙር ነው፣ 12ኛው ዙር ላይ ጨረሰው፣ ምን ትፈልጋለህ?" ይሉኛል። የ1993ቱን የዊተከርን ፍልሚያ ሳነሳ ግን ዝም።

ጃብ ብቻ፦
ዝም ቢሉ ይሻላቸዋል። ሳን አንቶኒዮ፣ መስከረም 1993። ሁለት ዳኞች 115 ለ 115 ሰጡ፣ አንዱ ለዊተከር። በወረቀት አቻ። ያየ ሰው ሁሉ ግን ዊተከር እንዳሸነፈ ያውቃል። ቻቬዝ 12 ዙር ሙሉ ጥላ ሲያባርር ነው ያመሸው። ሪከርዱ ላይ ካሉት ሁለት አቻዎች አንዱ ይኼ ነው፣ ሽንፈት ብላችሁ አንብቡት።

ማር እሸት፦
እንግዲህ ሳንቼዝን ልናገር፣ አታቋርጡኝ። በ1980 ዳኒ ሎፔዝን በ13ኛው ዙር አስቁሞ የላባ ክብደት ቀበቶ ወሰደ። በ21 ዓመቱ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ዊልፍሬዶ ጎሜዝ መጣበት። ጎሜዝ ማለት የመጀመሪያ ፍልሚያውን አቻ ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ 32 ሰው በተከታታይ በዝረራ የጣለ ነው። አንድም ሰው በነጥብ አላሸነፈም፣ ሁሉንም ዘርሮ! ቁማሩም ለሱ ነበር። ሳንቼዝ በመጀመሪያው ዙር መሬት አስነካው፣ በስምንተኛው ጨረሰው። ከዚያ ሐምሌ 1982፣ ኒው ዮርክ። ዋናው ተጋጣሚ ቀረና በምትኩ 13 ፍልሚያ ብቻ ያደረገ፣ ማንም የማያውቀው የጋና ልጅ ተተካ።

ጃብ ብቻ፦
አዙማ ኔልሰን! የኛው አህጉር ሰው። እዚህ ጋ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።

ማር እሸት፦
አዎ አዙማ። ማንም ያልጠበቀው ፍልሚያ ሆነ። 14 ዙር ተናነቁ፣ ሳንቼዝ 15ኛው ላይ አስቆመው። ያኔ ሰው ኔልሰን ማን እንደሆነ አላወቀም። በ1984 ግን ኔልሰን ሄዶ ያንኑ ጎሜዝን በገዛ አገሩ ዘርሮ ያንኑ ቀበቶ ወሰደ። እንግዲህ ሳንቼዝ ሁለቱንም በዝረራ ያሸነፈ ሰው ነው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ። ከኔልሰን ፍልሚያ በ22 ቀኑ፣ ነሐሴ 12፣ ቄሬታሮ አጠገብ በመኪና አደጋ ሞተ። 23 ዓመቱ ነበር።

ኩሊያካን፦
ነፍስ ይማር። ግን ማር፣ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልን ቀበቶ ልናድለው አይገባም። ቻቬዝን በ23 ዓመቱ ብናቆመው እሱም አንድም ሽንፈት የለውም፣ ቴይለር የለ፣ ዊተከር የለ።

ማር እሸት፦
"ቢኖር ኖሮ" አላልኩም፣ ያደረገውን ነው የቆጠርኩት። ቻቬዝ በ23 ዓመቱ ሮዛሪዮን ገና አላገኘውም። ሳንቼዝ በዚያ ዕድሜ ዘጠኝ ጊዜ ቀበቶውን አስጠብቋል። ደግሞ ቻቬዝ የጎሜዝንና የኔልሰንን ያህል ሁለት ስም በአንድ ዓመት አሸንፎ ያውቃል? አንድ ዓመት ጥራልኝ።

ኩሊያካን፦
...ቆይ ላስብበት።

የካሊፎርኒያው፦
ሃሃ! ኩሊያካን ሲያስብ አይቼ አላውቅም። በነገራችን ላይ እኛ ጋ ሳህን የሚያጥቡት ሽማግሌ ከቶሉካ አካባቢ ናቸው፣ ሳንቼዝ ከተወለደበት ብዙ አይርቅም። እሳቸው "ቻቫ" ብለው ነው የሚጠሩት፣ እንደ ራሳቸው ልጅ።

ጃብ ብቻ፦
ሁላችሁም አንድ ሰው ረስታችኋል። ሪካርዶ ሎፔዝ፣ "ፊኒቶ"። 51 ድል፣ አንድ አቻ፣ ዜሮ ሽንፈት። ዜሮ! በ1990 ቶኪዮ ድረስ ሄዶ ኦሃሺን ጥሎ ቀበቶ ወሰደ፣ ሳይሸነፍ ጓንት ሰቀለ። ያቺንም አቻ ከሮዜንዶ አልቫሬዝ ጋር በጭንቅላት ግጭት ተቋርጦ ነው ያገኛት፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ተጋጥሞ አሸነፈው። ጃቡን (ፈጣኗን ቀጥታ ቡጢ)፣ እግሩን፣ አፐርከቱን (ከታች ወደ ላይ የምትወጣዋን) ማስተማሪያ አድርጋችሁ ልታሳዩት ትችላላችሁ። ጥፋቱ ምንድነው? ክብደቱ 47.6 ኪሎ ነው። ከግማሽ ኩንታል ጤፍ ያንሳል። ሰው ደግሞ ትንሽ ሰው ሲደባደብ ቁም ነገር አይመስለውም።

የመገናኛው፦
ግማሽ ኩንታሉ ገደለኝ። ግን እውነት ነው፣ እኔ ስሙንም ዛሬ ነው የሰማሁት። እሺ፣ ማርኬዝስ?

ጃብ ብቻ፦
ሁዋን ማኑዌል ማርኬዝና ፊኒቶ የአንድ ሰው ተማሪዎች ናቸው፣ የናቾ ቤሪስታይን። በ2004 የፊሊፒንሱ ፓኪያዎ ማርኬዝን በመጀመሪያው ዙር ሦስቴ ጣለው። ሌላ ሰው ቢሆን ፎጣ ይወረወርለት ነበር። ማርኬዝ ተነስቶ፣ ሰውየውን አንብቦ፣ አቻ ወጣ። ቀጣዮቹን ሁለቱን ዳኞች ለፓኪያዎ ሰጡ፣ ሁለቱም ያከራክራሉ። አራተኛው ታኅሣሥ 2012። ማርኬዝ 39 ዓመቱ። ስድስተኛው ዙር ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ፓኪያዎ ዘሎ ሲገባ በቀኝ ተቀበለው። ፓኪያዎ በፊቱ ተደፋ። የቻቬዝ ሁለት ሰከንድ ካስቸገራችሁ፣ ይኸው የአንድ ሰከንድ ዝረራ። ይኼን ማንም ዳኛ አላቆመለትም።

ጋሽ ቪዲዮ፦
ያንን እኔም አይቻለሁ። ምራቄን ነው የዋጥኩት።

ኩሊያካን፦
ማርኬዝን ፍሎይድ ሜይዌዘር 12 ዙር ተጫውቶበታል።

ጃብ ብቻ፦
ክብደት ጨምሮ ሄዶ ነዋ። ሜይዌዘርን ያሸነፈ ካለ አምጣልኝ።

የካኔሎው ጠበቃ፦
የተከሰስኩት ጓደኛ እኔ ነኝ፣ አሁን ገባሁ። ካኔሎ ማለት ቀረፋ ነው፣ በጸጉሩ ነው ያወጡለት። ግን ቡጢው ቀረፋ አይደለም። በአራት ክብደት ቀበቶ ወስዷል። ከ11 ወር ባልበለጠ ጊዜ አራቱ የቦክስ ማኅበራት የሚሰጧቸውን አራቱንም የ168 ፓውንድ ቀበቶዎች ሰብስቦ በ2021 ብቸኛው ሻምፒዮን ሆኗል፣ በዚያ ክብደት የመጀመሪያው ሰው። ኮቫሌቭን በ175 ዘርሯል።

ማር እሸት፦
ከጎሎቭኪን ጋር የመጀመሪያውን ለማን ሰጠህ? አንዷ ዳኛ 118 ለ 110 ለካኔሎ የሰጠችበትን ማለቴ ነው።

የካኔሎው ጠበቃ፦
...እሱን እንለፈው።

ኩሊያካን፦
ቢቮል በ2022 አሸነፈው። ክሮፎርድ በ2025 ሁለት ክብደት ወጥቶ መጥቶ አሸነፈው። በ2018 ደግሞ በምርመራ ክሌንቡቴሮል የሚባል የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶበት ስድስት ወር ታግዷል። የተበከለ ሥጋ ነው አለ፣ ይሁን። በዚያው በ168 የነበረውን ቤናቪዴዝን ግን ለምን አልገጠመም?

የካኔሎው ጠበቃ፦
እናንተ ቻቬዝን ስታወሩ ዊተከርን ትረሱና የኔን ሰውዬ ሽንፈት በዓመተ ምሕረት ትጠሩልኛላችሁ። ፍርደ ገምድል ናችሁ።

የካሊፎርኒያው፦
ባሬራና ሞራሌስን ማንም ሳያነሳ ሊያልፍ ነው እንዴ? ሦስት ፍልሚያ፣ የሜክሲኮ ሲቲው ልጅና የቲዋናው ልጅ። ትልቁ ናቸው አልልም። ግን ማንን ልይ ለሚል ሰው የ2000ውን አሳዩት።

ጋሽ ቪዲዮ፦
የኔን ድምፅ ልስጥና ልተኛ። ቻቬዝ አንደኛ፣ ሳንቼዝ አንደኛ ተኩል። ማር፣ አትቆጪ።

ማር እሸት፦
ጋሼ፣ ተኩሉን ይውሰዱት።

ኩሊያካን፦
አስቤ ጨረስኩ። አንድ ዓመት አላገኘሁም። ቻቬዝ ግን ቻቬዝ ነው።

የመገናኛው፦
እኔ የሳንቼዝና የኔልሰንን ፍልሚያ ከፍቼ 13ኛው ዙር ላይ ነኝ። ውጤቱን ነግራችሁኛል፣ ቢሆንም ይሄ የጋና ልጅ አሁንም ወደፊት እየመጣ ነው። ቆዩኝ፣ ድምፄን ለጊዜው አንስቻለሁ።