ክርክር፦ በቤት በተሠራ አጭር ጠብመንጃ ላይ የባለቤቱን ስምና ከተማ መቅረጽ ግዴታ ሆኖ ይቀጥል?

የዳላሱ፦
የምንኖረው አሜሪካ ነውና ጥያቄዬም የአሜሪካ ሕግ ነው። በ1934 የወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ባለሰደፍ ጠብመንጃን ከመትረየስና ከድምፅ ማፈኛ ጋር በአንድ መዝገብ ያስገባዋል። ግለሰብ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በቤቱ መሥራት ከፈለገ በቅጽ 1 ያመለክታል፤ አሻራና ፎቶግራፍ ይሰጣል፤ ሥራውን የሚጀምረው ፈቃዱ በእጁ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። ለዚህ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ቀረጥ በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። ምዝገባው ግን አልተነካም፤ በመሣሪያው ላይ የመቅረጽ ግዴታውም እንዳለ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚነሣው ከፋብሪካ ከወጣ መሣሪያ ነው። ሬሲቨር በሚባለው ዋናው አካል ላይ የፋብሪካው ስም፣ ከተማና መለያ ቁጥር አስቀድሞ ተቀርጿል። ባለቤቱ ያንኑ ቁጥር በቅጹ ላይ ይሞላል፤ አዲስ ቁጥር አይጠየቅም። ሆኖም አጭር አፈሙዝ ስለገጠመ ብቻ በሕግ ዓይን "ሠሪ" ይሆንና የራሱን ስም፣ ከተማና ግዛት እንዲቀርጽ ይገደዳል። እኔ ቁጥሩን እደግፋለሁ። በፋብሪካ ምልክት ላይ የግለሰብን ስምና ከተማ መደረብ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ሊቀር ይገባል እላለሁ። እናንተስ?

የአውሮራው፦
አልስማማም ወንድሜ። ፋብሪካው ያስረከበህ ባለ16 ኢንች ጠብመንጃ ነው፤ ያሳጠርከው አንተ ነህ። የፋብሪካው ስም ብቻ ከቀረ፣ ያልሠራው ሥራ በእሱ ስም ሊቆጠርበት ነው። ብረት የለወጠ ሰው ስሙን ማኖሩ የኃላፊነት ወጉ ነው።

ሌላም አለ። ይህ መዝገብ የግብር ሰነድ ስለሆነ ምስጢርነቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። መንገድ ላይ ያስቆመህ የከተማ ፖሊስ ከፍቶ ሊያየው አይችልም። መሣሪያው ላይ ያለው ስም ከመንጃ ፈቃድህና ከያዝከው የጸደቀ ቅጽ ጋር ሲገጥም ነገሩ እዚያው ያልቃል። ለእኛ፣ አነጋገራችንና መልካችን እንግዳ ለሚመስልባቸው ሰዎች፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀራጩ፦
ሥራዬ የሌዘር ቅርጽ ነው፤ ዋንጫም ሰዓትም እቀርጻለሁ፣ ጠብመንጃም ይመጣልኛል። ጥልቀቱ ቢያንስ 0.003 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያነሰ ነው። የመለያ ቁጥር ፊደል ደግሞ ከ1/16 ኢንች፣ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማነስ የለበትም። ጥልቀቱ የሚለካው ከብረቱ ጠፍጣፋ ገጽ ነው እንጂ በቅርጹ ጠርዝ ላይ ከሚነሣው እብጠት አይደለም። ደንበኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙን ብቻ የፋቀ ቅርጽ ለዓይን ያምራል፣ መለኪያውን ግን አያልፍም። በአሉሚኒየም ላይ ደግሞ መከላከያ ልባሱ ስለሚቆረጥ እንደገና ካልተቀባ ቦታው ጥሬ ብረት ሆኖ ይቀራል። የተቀረጸ ነገር አይመለስም። ስለዚህ ስም ከመጻፌ በፊት የጸደቀውን ቅጽ አያለሁ፤ ፊደል በፊደል አመሳክራለሁ። በተለይ የእኛ ስሞች በእንግሊዝኛ ሲጻፉ አንዱ ሰው በመንጃ ፈቃዱ በአንድ ዓይነት፣ በዜግነት ወረቀቱ በሌላ ዓይነት ይጻፋል። በቅጹ ላይ ያለው ይግዛችሁ።

ነፃነት ይቅደም፦
እናንተ ስለ ስም ትከራከራላችሁ፤ እኔ ሥሩን ልንካው። በ1934 ረቂቁ ሽጉጥንም ያካትት ነበር። አጭር ጠብመንጃ የገባው ሰው ረጅሙን ቆርጦ ሽጉጥ እንዳያደርገው ተብሎ ነው። ሽጉጡ በተቃውሞ ከረቂቁ ወጣ፤ አጥሩ ግን የሚጠብቀው ነገር ሳይኖር ዘጠና ዓመት ቆመ። ዛሬ ባለ10 ኢንች አፈሙዝ መሣሪያ ያለ ሰደፍ ተራ ሽጉጥ ነው፤ ሰደፍ ሲጨመርበት ያልተመዘገበ ከሆነ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1937 በሶንዚንስኪ ጉዳይ ሕጉን ያጸናው ቀረጥ ነው ብሎ ነበር። ቀረጡ ዜሮ ከሆነ ምዝገባው በምን ላይ ይቆማል? ይህ ጥያቄ በ2025 ቴክሳስ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቧል። መዝገቡ ሲፈርስ ቅርጹም አብሮ ይሄዳል።

የሜሪላንዷ፦
ሁሉንም ማፍረስ የሚሉት ነገር ያስፈራኛል። ኢትዮጵያ በ2004 የናይሮቢን ፕሮቶኮል ከፈረሙ አገሮች አንዷ ናት፤ ስምምነቱ እያንዳንዱ ቀላል መሣሪያ ሲመረት ምልክት እንዲደረግበት ይጠይቃል። ምክንያቱ ለቀጣናችን ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ቁጥር የሌለው መሣሪያ ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም። እዚህም ቢሆን ከ1968 ወዲህ ፋብሪካዎችና አስመጪዎች ቁጥር የማኖር ግዴታ አለባቸው። ስሙ ላይ አቋም የለኝም፤ ቁጥሩን ግን አትንኩብን።

ሕግ ተማሪዋ፦
እህቴ ስለ ቁጥሩ አትስጊ። በ2022 አንድ የዌስት ቨርጂኒያ ዳኛ ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለውን ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ነበር። የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሙሉ ችሎት ተሰይሞ በኦገስት 2024 ውሳኔውን ሽሮታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፤ እስካሁን ማንም አልለየውምና። ስሙና ከተማው የመጡት ከአንድ ቦታ አይደለም። የሕጉ አንቀጽ 5842 መሣሪያ የሠራ ሁሉ በመለያ ቁጥርና በሠሪው ስም እንዲለየው ያዛል፤ ሌላውን ምልክት በደንብ እንዲወሰን ይተወዋል። ከተማና ግዛት የደንብ ጉዳይ ናቸው። ስለዚህ ከተማውን ደንቡን የሚያወጣው የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂዎች ቢሮ ራሱ አሻሽሎ ሊያነሳው ይችላል፤ ስሙን ግን የሚያነሳው ኮንግረስ ነው።

ከዚህ ጋር የ2023ን አስታውሱ። ይኸው ቢሮ የክንድ ድጋፍ የተገጠመላቸውን ሽጉጦች አጭር ጠብመንጃ ብሎ ሲመድባቸው፣ እስከ ሜይ 31 ያለ ቀረጥ እንዲመዘገቡ ጊዜ ሰጠ። በዚያ ጊዜ የፋብሪካው ምልክት በሚገባ ያለበትን መሣሪያ ባለቤት ያንኑ ምልክት እንደራሱ እንዲቀበል ፈቀደለት። ደንቡ በ2024 በቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተሽሯል፤ ፈቃዱ ግን በወረቀት ተጽፎ አልፏል። ያኔ የፋብሪካው ምልክት ለመዝገቡ በቂ ከነበረ ዛሬ የማይበቃበትን ምክንያት ቢሮው ሊያስረዳ ይገባዋል።

የዳላሱ፦
ከልብ አመሰግናለሁ፤ የምፈልገው ይህ ነበር። የአውሮራው ወንድሜ፣ አንተ ላነሣኸው ልመልስ። ስሙ ኃላፊውን ያሳያል አልክ። መሣሪያው በትረስት ስም፣ ማለትም ንብረት በአደራ እንዲይዝ በሰነድ በተቋቋመ ሕጋዊ አካል ስም ከተመዘገበ ግን የሚቀረጸው የትረስቱ ስም ነው፤ ያን ስም ባለቤቱ እንደፈለገ ይሰይመዋል። ለጠበቃ ከፍሎ ትረስት ያቋቋመ ሰው ስሙን ይሸሽጋል፣ ያልከፈለ ስሙን በብረት ላይ ያወጣል። ሕግ በሁለት ዜጎች መካከል እንዲህ ሲለይ ዝም ማለት አልችልም።

መሣሪያው በሕግ ቢሸጥ ባለቤትነቱ ይዛወራል፤ የእኔ ስም ግን እዚያው ይቀራል። ከዳላስ ወደ ዴንቨር ብዛወር ቅርጹ ዳላስ እንዳለ ነው። ረጅሙን አፈሙዝ መልሼ ገጥሜ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ባመለክት እንኳ ስሜ አይፋቅም። በማርቲንስበርግ የሚገኘው የቢሮው የክትትል ማዕከል የመሣሪያን ታሪክ የሚከተለው በሠሪው፣ በሞዴሉ፣ በካሊበሩ (በጥይቱ መጠን) እና በቁጥሩ ነው። ብረቱ ላይ ሁለት ሠሪ ካለ ጥያቄውን የሚሞላው መርማሪ የትኛውን ይጻፍ? የፋብሪካውን ትቶ የእኔን ከጻፈ ፍለጋው ገና ከመነሻው መንገድ ይስታል። መንገድ ላይ ለሚያስቆመኝ ፖሊስም ቢሆን የያዝኩት ቅጽ ቁጥሩም ስሜም አለበት፤ ቁጥሩ ከብረቱ፣ ስሙ ከመታወቂያዬ ጋር ይመሳከራል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከሚያሳድዳት ሰው ሸሽታ ከተማ የቀየረች ሴት ናት። መሣሪያዋ ቢሰረቅ ሌባው ስሟንና ከተማዋን ከነፊደሉ ያገኛል።

የአውሮራው፦
ስለ ሴቲቱ ያነሣኸው ልክ ነው፤ ከተማው ይነሣ። ስሙ ግን ይቆይ። ትረስቱ ቀዳዳ ከሆነ ቀዳዳው ይደፈን እንጂ ግድግዳው አይፍረስ። ቅጹን መኪና ውስጥ የረሳ ሰው በምን ይመሳከራል?

ቀራጩ፦
ቅጹን በስልክም በወረቀትም ያዙ፤ ለቢሮው ተቆጣጣሪ ሲጠየቅ ማቅረብ በራሱ የሕግ ግዴታ ነው። እንዲሁም ከዚህ ክርክር ተነሥቶ ሳያስቀርጽ የሚቀር እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ሕጉ ዛሬ እንዳለ ነው።

ሕግ ተማሪዋ፦
በዚህ እስማማለሁ። ከተማን የሚመለከተውን የደንብ ማሻሻያ ጥያቄ እኔ አረቅቃለሁ፤ የ2023ቱ ፈቃድ ዋናው ማስረጃ ይሆናል። የአውሮራው፣ ስሙ ይቆይ የምትለውን መከራከሪያህን በራስህ ቃል ጽፈህ ላክልኝ፤ ተቃራኒውን ሐሳብ ካልመለስን ማመልከቻው አይጸናም።

ነፃነት ይቅደም፦
እኔ አልፈርምበትም፤ የቴክሳሱን ፍርድ እጠብቃለሁ።