ለዋንዛ ሣጥን ጎማላካ ወይስ ቫርኒሽ?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ወገኖች። ለእናቴ ነጠላዋን የምታስቀምጥበት የዋንዛ ሣጥን ሠርቻለሁ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ጨርሻለሁ፣ አሁን ምን ልቀባው? የእንጨቱ መልክ እንዳይጠፋ፣ ነጠላውም ሽታ እንዳይዝ ነው የምፈልገው።

መልስ 1 (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ ጎማላካ (የእንጨት ማስዋቢያ ሙጫ) ቀባው። በአልኮል በጥብጠህ፣ በንጹህ ጨርቅ ስስ ስስ እያደረግህ ደጋግመው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ሽታውም ከአልኮሉ ጋር ይጠፋል። ግን ክረምት ነው። የደሴ ጭጋግ በወረደበት ቀን ከቀባኸው እርጥበቱ ገብቶ ነጭ ነጭ ይልብሃል፣ ስለዚህ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቅ። እኛ ታች ስላለን ትንሽ ይሻለናል።

መልስ 2፦
ክዳኑ ላይ ትኩስ ስኒ የሚቀመጥ ከሆነ ጎማላካ ምልክት ይይዛል። ለክዳኑ ቫርኒሽ ይሻላል። የተልባ ዘይት ያምራል፣ ውስጡን ግን እንዳትቀባበት፣ ሽታው ቶሎ አይለቅም። ደግሞ እባክህ፣ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልለህ አትጣል! በራሱ ግሎ እሳት ያስነሳል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። እናቴ ስኒ ማስቀመጧ አይቀርም፣ ክዳኑን በቫርኒሽ፣ ውስጡን በጎማላካ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ቁራጭ ዋንዛ ላይ ልሞክረው።